እኔን ያቆመችው ኮምጣጣ ክኒን

እግሩን አሞት የተኛ፣ ወይም ድዱ እየደማ «ምን ነክቶኝ ይሆን?» የሚል ሰው ካለ ይችን ጽሑፍ ያንብባት። ማንበብ ካልቻለ የሚያነብለት ይፈልግ። የጻፍኋት ራሴ፣ ይታይሽ ካሴ ነኝ። አምና በዚህ ወር ብዕር መያዝ ቀርቶ ከመደብ ለመውረድ ሁለት ሰው ይደግፈኝ ነበር። ዘንድሮ ቁጭ ብዬ ገጽ እሞላለሁ፤ አንዱ ገጽ አልቆ ወደ ሌላው ስሻገር ደስታው አያስቀምጠኝም፤ ለምን እደብቃለሁ? የምነግራችሁ ነገር ግን ብዙው የሚያስደስት አይደለም።

ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ርብ ወንዝ ሲሞላ ከሚተኛበት ሜዳ ዳር ነው። ክረምት ሜዳው ሁሉ ሐይቅ ይሆንና ከብቶቻችንን ወደ ዳገት እናወጣለን። ውሃው ሲሸሽ በእርጥቡ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ውሃው የሚተወው ግን እርጥብ መሬት ብቻ አይደለም፤ ትንኝም ይተዋል። እኔንም ወባ የያዘኝ ያን ጊዜ ነው።

ወባውን ከወረታ ክሊኒክ የመጣ መራራ ክኒን አሻለኝ። እናቴ ግን መዳኔን አላመነችም። ከእኔ በፊት የወለደቻትን ልጅ በወባ ቀብራለች። በእኛ አገር ደግሞ «እሸት ወባ ይቀሰቅሳል» ይባላል። እሸት በቆሎ፣ እሸት ሽምብራ፣ ሸንኮራ፣ ቃሪያ፣ ሌላው ቀርቶ ጎመን፣ አረንጓዴ የሆነ ነገር ሁሉ ከወባ ለተነሣ ሰው እርም ነው። ሎሚም «ደም ያደርቃል» ተብሎ ይከለከላል። እናቴ ይህን ሁሉ እንደ ጾም ሕግ አጥብቃ ያዘችው።

ሽምብራው ሲያሸት ታናሽ ወንድሜ እቅፍ ሙሉ ነቅሎ መጣና በጓሮ በኩል አንድ ጭብጥ ወረወረልኝ። ገና የመጀመሪያዋን ፍሬ ስፈለፍል እናቴ ደረሰች።

«ጣይው!»

«እምዬ፣ አንዲት ፍሬ ብቻ…»

«አንዲቷ ፍሬ ናት እህትሽን የበላቻት! ጣይው ብያለሁ። አንተ ደግሞ» ወደ ወንድሜ ዞረች፣ «ሁለተኛ እሸት ይዘህ በዚች ልጅ ፊት ብትታይ እግርህን እሰብረዋለሁ!»

ጣልሁት። እናቴ ምንም እንዳልቀረ ለማየት መዳፌን አገላበጠችና ሳመችው።

ስለዚህ የምበላው ደረቅ ነገር ብቻ ሆነ፤ እንጀራ በሽሮ፣ ቆሎ፣ ንፍሮ። በዚያ ዓመት ጤፉን ውሃ ስለ ወሰደው ሽሮውም ንፍሮውም ጓያ የበዛበት ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ድካም ጀመረኝ። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ መንገድ ላይ መቀመጥ አበዛሁ። መምህራችን ሰሌዳ ላይ እንድጽፍ ሲጠሩኝ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ማንም ሳይመታኝ ባቴ ይበልዛል። ከዚያ ድዴ አበጠ፤ አብጦም ጥርሴን ሊሸፍነው ደረሰ። ቆሎ ስቆረጥም ደም ይቀላቀልበታል፤ አፌም ሽታ አመጣ። አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ወደ አግዳሚው ጫፍ መሸሽ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ በነጠላዬ ጫፍ አፌን ሸፍኜ እናገር ነበር።

እናቴ ሰፈራችን ያለችውን ነቃሽ እትዬ ዘውዴን ጠራች። ድድ መነቀስ በእኛ ዘንድ ለውበት ብቻ አይደለም፤ የላላ ድድ ያጠነክራል ይባላል።

«ድዷ ውሃ ቋጥሯል» አለች እትዬ ዘውዴ ከንፈሬን ገልብጣ። «ስናጠቁረው ይጠብቃል። ደግሞስ ለሙሽርነቷ መቼ ይቀርላታል!»

«እኔ አላገባም፤ እማራለሁ» አልሁ።

«በነጭ ድድ ማን ያስተምርሻል? ይልቅ አፍሽን ክፈች።»

ጥላሸት የተነከረው የመንቀሻ እሾህ እንደ ነካኝ ደሙ ገነፈለ። ሌላዋ ሴት ስትነቀስ ትንሽ ደምቶ ይቆማል፤ የእኔ ግን ጥላሸቱን አጥቦት ወረደ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅም አልቆመም። እትዬ ዘውዴ እጇን እየታጠበች «ስንቱን ነቅሻለሁ፣ እንዲህ ያለ አላየሁም» አለችና አንገቷን ደፍታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ድዴ እየከፋ ሲሄድ ሰው ሁሉ በእሷ እጅ አመካኘ።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ እግሬ እምቢ አለ። ጉልበቴ አብጦ ታጠፈ፤ አልዘረጋም አለኝ። ጎረቤት እየመጣ ያየኛል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ሁሉም ያንኑ ይላል፦ «ጓያ ሰብሯት ነው።»

ይህን ቃል በእኛ በፎገራ ሜዳ የሚሰማ ሰው አንጀቱ ይቆረጣል። ጓያ ውሃም ድርቅም የማይበግረው እህል ነው፤ ሌላው ሲጠፋ እሱ ይገኛል። ብቻውን ለብዙ ጊዜ ከተበላ ግን እግር ይሰብራል፤ የሰበረውም አይመለስም። ለዚህ ምስክሩ እቤታችን ነበር። የአባቴ ታናሽ ወንድም አያ ሞላ በጎረምሳነቱ፣ በአንድ ክፉ ዓመት ጓያ ብቻ በልቶ ከረመና አንድ ቀን ሲያርስ እግሩ ተሳሰረ። ከዚያ ወዲህ በሁለት ምርኩዝ፣ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ፣ ጉልበቱን እያጋጨ ነው የሚሄደው። ገመድ እየገመደ ይተዳደራል፤ እሱ ባለበት ቀልድ አይጠፋም።

ያን ሰሞን ግን ቀልዱ ቀንሶ ነበር። አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጦ የወይራ እንጨት ሲልግ ዋለ። ሲጨርስ ለቁመቴ ለካው።

«በይ ይታይሽ፣ ተጨማሪ እግር ሠራሁልሽ» አለኝ።

ምርኩዝ ነበር። ለእኔ የተሠራ መሆኑን ሳይ እንባዬ መጣ። «አያ ሞላ፣ እኔ እኮ ተማሪ ነኝ» አልሁት።

«ታዲያ ፊደል የሚጻፍ በእጅ ነው፤ በእግር የሚጽፍ አይተሻል?»

እሱስ እውነቱን ነው። ወረታ ትምህርት ቤት ድረስ ማን እንደሚያደርሰኝ ግን አልነገረኝም። ከትምህርት ቤቱ መቅረቴ ነው፣ ለዘለዓለም መቅረቴ ነው እያልሁ አለቀስሁ።

«ተነሽ፣ መጀመሪያ አያያዙን ላሳይሽ» ብሎ ሊያስነሣኝ ጉልበቴን ያዘ። ጮኽሁ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽሁ።

«ምን ሆንሽ?»

«አመመኝ!»

«የቱን?»

«ጉልበቴን፣ አጥንቴን፣ ሁሉንም!»

አያ ሞላ እጁን እንዳንጠለጠለ ቀረ። ከዚያ የራሱን ጉልበት በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ደግሞም ተጫነው።

«የኔ አያምም» አለ ቀስ ብሎ። «በሰበረኝም ጊዜ አላመመኝም። ጓያ ያደርቃል፣ ያስተሳስራል እንጅ እንዲህ አያስጮኽም።» ከዚያ ወደ ደጅ ተጣራ። «አያ! አያ ካሴ! ወዲህ ና! ይችን ልጅ ጓያ አይደለም የያዛት!»

አባቴ እየሮጠ ገባ። «ጓያ ካልሆነ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! የኔ በሽታ አለመሆኑን ብቻ ነው የማውቅ። ወረታ ውሰዳት። ልትወስዷት ያሰባችሁበት ጠበልም የትም አይሄድ፤ የጠበሉ ቄስ ራሳቸው ሐኪም አታሳዩ አላሉም።»

አባቴ ጊደር ሸጠ። በቃሬዛ ተሸክመው ወረታ ክሊኒክ አደረሱኝ። በረንዳውም ግቢውም ሰው ሞልቶታል፤ የሚያስል፣ የሚያቃስት፣ ሕፃን የሚያባብል። ፀሐዩ ከራሳችን በላይ ሲደርስ ተራችን ገና ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት ልጇን አዝላ ከፊታችን ቆማለች። ዞር ብላ አየችኝና ለአባቴ «እለፉ» አለችው። «እኔ መቆም እችላለሁ፤ እሷ አትችልም።» ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ይህን ካነበበች እግዜር ይስጥልኝ።

የሚያክሙትን ሰው ሁሉም «ዶክተር» ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ «ድሬሰር ነኝ፣ የሐኪም ረዳት» እያሉ ያርማሉ። አቶ ጌታሁን ይባላሉ። አፌን ከፍተው አዩ፤ ወደ እግሬም ወረዱ።

«ድዷን ነቃሽ አበላሽታባት ነው» አለ አባቴ። «እግሯ ግን ሌላ ነው፤ ጓያ መስሎን ነበር።»

«ሁለት በሽታ ነው የምትሉት?»

«አዎን፣ ሁለት።»

አቶ ጌታሁን ባቴ ላይ ያለውን ብልዝ በጣታቸው ጫን አደረጉት። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «ምን ትበላለች?»

እናቴ ቀና አለች። ያን ጥያቄ ስትጠብቅ የኖረች ትመስል ነበር።

«ጌታዬ፣ እሷንስ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የጠበቅኋት! ወባ ከለቀቃት ወዲህ እሸት የሚባል በአፏ አልዞረም። ጎመን አላየች፣ ቃሪያ አልነካች። ሎሚማ በቤቴ ደጅም አላለፈ!»

አቶ ጌታሁን በርጩማቸውን ወደ እሷ አስጠግተው ተቀመጡ።

«እናቴ፣ ያሳመማት እሱን ማጣቷ ነው» አሉ።

ስሙ ስከርቪ ነው አሉን። ከእሸትና ከቅጠላ ቅጠል፣ ከቃሪያና ከሎሚ የሚገኝ ቫይታሚን ሲ የሚባል ነገር አለ። ጭቃ ያለ ጭድ እንደማይያያዝ ሁሉ የሰው ሥጋም ያለ እሱ አይያያዝም፤ ድዱ ይላላል፣ የደም ሥሩ ያፈስሳል፣ ጉልበቱ ውስጥ ደም ይቋጠራል። በሽታው ሁለት አልነበረም፤ አንድ ነበር።

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። «እንግዲያ በእጄ ነዋ! በገዛ እጄ!»

«እርስዎ ልጄ እንዳትሞት ብለው ነው። ወባ የሚያመጣው ትንኝ ነው እንጂ እሸት አይደለም፤ ይህን የነገረዎት ሰው አልነበረም። አይዞዎት፤ ይኸኛው የሚድን ነው።»

«የሚድን» ካሉ በኋላ የተናገሩትን አልሰማሁም።

ክኒኗ ነጭ ናት፣ ትንሽ። ምላሴ ላይ ሳስቀምጣት ኮመጠጠች። ለስንት ወር ኮምጣጣ ያልቀመሰ አፌ በምራቅ ተሞላ፤ ድዴንም አቃጠለኝ፤ ግን አልተፋኋትም። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በርከት አድርጌ እንድወስድ ነበር ያዘዙልኝ። እናቴ ያን ዕለት ከወረታ ስትመለስ በመቀነቷ ሎሚ ቋጥራ መጣች። እሱን በገዛ እጇ ጨምቃ ሰጠችኝ። ጠጣሁላት።

ሳምንት ሳይሞላ ደሙ ቆመ። ቀጥሎ ረሃብ መጣ፤ ከዚያ እንቅልፍ። ጉልበቴ ቀስ በቀስ ተዘረጋ። የፋሲካ ዕለት ግድግዳ ይዤ ቆምሁ፤ እናቴ እልል ስትል ከሁሉ ቀድማ ከደጅ እልልታውን የተቀበለቻት እትዬ ዘውዴ ነበረች።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ነገር ግን ሌሎች እንዳይሳሳቱ የተከተለውንም መጻፍ አለብኝ።

አቶ ጌታሁን እየተሻለኝ ሲሄድ ክኒኑን ቀነሱብኝ። አባቴ ተቆጣ። «እንዴት ይቀንሱባታል? ገና መቆሟ እኮ ነው! ይልቅ ይጨምሩላት እንጅ!»

«እንስራ ከሞላ በኋላ ውሃ ቢጨምሩበት ወዴት ይሄዳል?»

«ይፈስሳላ።»

«ይህም እንደዚያው ነው። ሰውነቷ የሚበቃውን ይይዝና የተረፈውን በሽንት ይጥለዋል። ከእንግዲህ ጎመንና ሎሚ ይበቃታል።»

ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ነጋዴ ጣልቃ ገባ። «ይፋግ ገበያ በእፍኝ የሚወስዱ አሉ። ጉንፋን አይዘንም፣ ጉልበትም ይሰጠናል ይላሉ።»

«እንዲህ የሚሉ ሐኪሞችም በውጭ አገር አሉ፤ የለም፣ ከንቱ ነው የሚሉም አሉ» አሉ አቶ ጌታሁን። «እነሱ ራሳቸው ገና አልተስማሙም። እኔ የማውቀው የጎደለውን እንደሚሞላ ነው። ሳይጎድልበት በእፍኝ የሚወስድ ሰው ግን ምን እንደሚያተርፍ አላውቅም።»

አባቴ ከዚህ ሁሉ ይዞት የገባው «በእፍኝ የሚወስዱ አሉ» የምትለዋን ብቻ ነው። ያችንም ለአያ ሞላ ነገረው።

አያ ሞላ በአህያ ይፋግ ሄዶ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ገዝቶ ተመለሰ። ሻጩ «ጓያ የሰበረውንም ያቆማል» ብሎ ምሎለታል። ማንስ አያምንም? እኔ ቆሜ ስሄድ አገር አይቷል። ጠዋት እፍኝ፣ ማታ እፍኝ ይቅም ጀመር። በየማለዳው ይጠይቀኛል።

«ይታይሽ፣ ሲመለስልሽ መጀመሪያ ምን ተሰማሽ? ሙቀት ነው? ንዝረት ነው?»

«ረሃብ» አልሁት፤ እውነቴን ነው።

«እኔም እኮ ርቦኛል!» አለና ፊቱ በራ። እናቴ ከምድጃው ዳር ሆና «አንተ መቼ ሳይርብህ ታውቃለህ» ልትለው አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ሌላ ቀን ምርኩዞቹን ከግድግዳው አስደግፎ፣ ምሰሶ ይዞ ቆመ። «ተረከዜ ትንሽ ወረደ፤ አይታይሽም?» አለኝ። እግሩን ብዙ አየሁት። እሱ ደግሞ ፊቴን ነበር የሚያየው። ከፊቴ አነበበውና ምሰሶውን ለቆ ተቀመጠ። ቆርቆሮውን ግን አልተወም።

ሆዱ ተበላሸ። «በሽታው እየወጣ ነው» አለ። ከዚያ አንድ ቀን ጎኑን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ሽንቱም ደም ቀላቀለ። እኔ በሄድሁባት ቃሬዛ ወረታ ወሰድነው። ይህን ጊዜ እኔ በእግሬ ተከተልሁ።

«ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ሳይኖር አይቀርም» አሉ አቶ ጌታሁን ቆርቆሮውን እያገላበጡ። «ይህ ክኒን ነው ያመጣው ብዬ አልምልም፤ ሳይወስደውም ጠጠር የሚይዘው ሰው አለ። በብዛት ሲወሰድ ግን ይጠረጠራል። ይተዉት፤ ውሃ በብዛት ይጠጡ።»

ማስታገሻ ወጉትና ሕመሙ ጋብ አለ። አያ ሞላ ላቡን ጠርጎ «እግሬስ?» አለ።

አቶ ጌታሁን ቆርቆሮውን አስቀምጠው ወደ እሱ ዞሩ።

«የልጅቷ በሽታ ጉድለት ነበር፤ ሲሞላ ዳነች» አሉ አቶ ጌታሁን። «ጓያ የጎዳዎት ግን ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርሰውን ነርቭ ነው። እሱን የሚመልስ መድኃኒት እኔ አላውቅም። አለ የሚልዎት ሰው ቢመጣ ገንዘብዎን ፈልጎ ነው።»

«ፊት ለፊት የነገረኝ ሰው እርስዎ ነዎት» አለ አያ ሞላ። «ሌላው ሁሉ ‹እግዜር ያውቃል› እያለ ያሳልፈኝ ነበር።» ጠጠሩ ከብዙ ጭንቅ በኋላ በሽንቱ ወጣለት። ቆርቆሮውን አጥቦ የቃሪያ ዘር ማኖሪያ አደረገው።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከወባ ለተነሣ ልጅ እሸትና ጎመን አትከልክሉት። ጓያን ብቻውን አትብሉ። ድድ ሲደማ ለነቃሽ ሳይሆን ለሐኪም አሳዩ። ያች ኮምጣጣ ክኒን እውነተኛ መድኃኒት ናት፤ ምስክሯ እኔ ነኝ። ለሁሉም መድኃኒት አይደለችም፤ ለዚህ ደግሞ ምስክሩ አያ ሞላ ነው። ይህን ጻፊው ያለኝም እሱ ነው፤ «የኔንም አትዝለይ» ብሎ።

ግንቦት ላይ ሜዳው ደርቆ ሳለ ከደጅ ጠራኝ። በእጁ ለእኔ የላጋት ምርኩዝ አለች፤ አንድም ቀን አልተጠቀምሁባትም።

«ይችን ወስደሽ ከሜዳው መካከል ትከያት» አለኝ።

ተክያት ተመለስሁ።

«በይ አሁን ሮጠሽ ዙሪያትና ነይ።»

ሮጥሁ። ሳልደክም ዞሬያት መጣሁ። አያ ሞላ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ጉልበቴን አጎንብሶ መረመረው።

«ይኸ ያንች ነው» አለ። «አሁን ደግሞ አንድ ለኔ።»

እንደገና ሮጥሁ። ምርኩዟ ጋ ደርሼ ስዞር ከሩቅ አየሁት፤ በሁለቱ ምርኩዞቹ ላይ ቀና ብሎ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ያይ ነበር። ከመጀመሪያው ይልቅ ፈጥኜ ተመለስሁ።

«ነቅዬ ላምጣት?» ስለው «ተያት» አለኝ።

ክረምቱ ገባ፣ ርብ ሞላ፣ ሜዳው ሐይቅ ሆነ። ውሃው ሲሸሽ ምርኩዟ በቦታዋ አልነበረችም። አያ ሞላም ሌላ አልቆረጠልኝም።